ከሮቶው እስከ ኦሞ፦ ከስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን ጋር የተማርነው

(ጂንካ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ነው። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም አይቶታል። ዛሬ የምንናገረው በሪፖርቱ ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ብቻ ነው። “ለቅዳሜ ጥናት፦ የሶላር መብራት፣ ጠመኔ፣ የመምህር አበል” የምትለዋ ናት። አንዳንዶቻችሁ “የእኛ ማኅበር የቁጠባ ማኅበር ነው እንጂ ትምህርት ቤት ነው ወይ?” ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የናንተ ነው። ስለዚህ መልሱን ከሥሩ እንናገር።

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን ልጆች መካከል የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወስደው ያላለፉ ነበሩ። አንዷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ እናቷ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ልጅቷ ስትወድቅ “እንግዲህ ጉሊቱን ታግዝ” ተባለ። ይህን ያለ ሰው በክፋት አላለም። እኛም ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ የተባልነው ይኸው ነው። ቢሮ ቁጠባ ልታስገባ በመጣች ጊዜ ምን እንደከበዳት ጠየቅናት። “ሳይንስ” አለች። “መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ስይዝ ነገሩ ያመልጠኛል፤ ነገሩን ስይዝ ቃሉ ይጠፋኛል።”

ከዚያ በኋላ ነው ቢሮአችን ቅዳሜ ከሰዓት ለጥናት የተከፈተው። አንድ የሳይንስ መምህር ለትራንስፖርት ያህል እየተከፈለው ሊያስጠናቸው ተስማማ። ጥናቱ ሲመሽ ስለሚያልቅ እናቶች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቀጥሎ ወንበር ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ነገር በአማርኛ ካልገባን አንዷ በአሪኛ ታስረዳለች፤ ልጆቹ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ስም ይነግሩናል። እኛ ሂሳብ የምንይዘውም መዝገቡን ዘግተን ከመሄድ ይልቅ መቀመጥ ለመድን።

የክለሳው ምዕራፎች አራት ነበሩ፤ ህዋ፣ ስበት፣ ህዋስ፣ ሥርዓተ ምህዳር። መምህሩ “ህዋ” እና “ህዋስ” ብሎ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጽፍ አንዷን ፊደል የረሳ መስሎን ነበር። ለካ አንዱ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ሁሉ የያዘው ስፋት ነው፤ ሌላው ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ ሰውም በሬም ጎመንም የተሠሩበት ትንሽ ክፍል ነው። በመካከላቸው አንዲት “ስ” ብቻ አለች። ልጆቹ ፈተና ላይ እንዳይሳሳቱ “ትንሹ ነው ጭራ ያለው” ብለን ያስያዝናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ሂሳብ የያዘ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወጪ ይጻፋል፣ ምክንያቱ ግን አይጻፍም። ባለፉት ዓመታት ከጻፍናቸው ወጪዎች ውስጥ ሦስቱን ምክንያታቸውን ያወቅነው በዚህ የቅዳሜ ጥናት ነው።

የመጀመሪያው የአትክልት ማሳችን ነው። ሮቶውን ስንገዛ መኪናው የሚደርሰው እስከ ማሳው ግርጌ ስለነበረ እዚያው አስቀመጥነው። ጎማ ብንዘረጋም ውኃው ወደ ማሳው አልደርስ አለ። ጎማው ተደፍኗል ብለን ሌላ ጎማ ገዛን። ያም እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ “ውኃ በባልዲ ለሚያመላልስ የቀን ሠራተኛ” እያልን ከፈልን። ለወራት እንዲህ ጽፈናል።

የስበት ምዕራፍ በተነበበ ዕለት ያቺ ያልናት ልጅ እጇን አወጣች። “እትዬ፣ የእኛ ሮቶ ከማሳው በታች ሳይሆን አይቀርም” አለች። አይደለም አልናት፤ መሬቱ ሜዳ ነውና። በማግሥቱ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚሉትን፣ በውስጡ ውኃ ያለበትን የሚያሳይ ቀጭን ጎማ ይዛ መጣች። የጎማው ሁለት ጫፍ የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ ምድር ውኃውን እኩል ስለምትስበው በሁለቱም ጫፍ በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። ስንለካው የማሳው ራስ ከሮቶው ከንፈር በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዓይን ሜዳ የመሰለው ዳገት ነበር። ውኃ በራሱ ሽቅብ የሚወጣበት ምክንያት የለውም።

ሮቶውን ከማሳው ራስ ከፍ ባለ ቦታ እንስቀለው ተባለ። ከእኛ አንዷ “በባህር ዛፍ አጣና ቆጥ እንሥራለት” ስትል ልጆቹ አስሉና ነገሩን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ ሲሞላ አንድ ሺህ ኪሎ፣ ማለት አሥር ኩንታል ነው። “አሥር ኩንታል ማሽላ በቀጭን አጣና ላይ ትጭናላችሁ ወይ?” አሉን። አንጭንም አልን፤ በድንጋይና በሲሚንቶ አሠራነው። ከዚያ ወር ጀምሮ የባልዲው ወጪ ከመዝገቡ ጠፍቷል።

ስለ ስበት ስንናገር የጀሪካኑን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። በጀርባችን የምንሸከመው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው ጀሪካን እዚያ ሦስት ኪሎ ከትንሽ ያህል ብቻ ይከብዳል። ውኃው አልጎደለም፤ የሚጎትተው ኃይል ነው ያነሰው። አንዲት እናት “እንግዲያው እዚያው እንቅዳ!” ብትል ሌላዋ “የሚተነፈስ አየር የለም ተባልሽ እኮ” አለቻት። ሳቅን። ልጆቹ ግን ያን ቀን ክብደትና መጠነ ቁስ የሚለያዩበትን ነገር ያዙ። ፈተና ላይ በየጊዜው የሚወድቁበት ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛው ወጪ ያመናል። ቆላ ማሳ ላላቸው አባሎቻችን ከደጋ ሦስት በሬ ገዝተን ነበር። ሲገዙ የሰቡ፣ ጠጉራቸው የሚያበራ ነበሩ። ቆላ ወርደው ጥቂት ወራት እንደቆዩ ከሱ፤ ጠጉራቸው ቆመ፤ ዓይናቸው ያለቅስ ጀመር። ሁለቱ ሞቱ። አንዳንዶቻችን ሻጩ አታለለን አልን፤ አንዳንዶቻችን ዓይን በላቸው አልን። መዝገቡ ላይ “በሞት የተቀነሰ” ብለን ጽፈን ዘጋነው። ሁለት አባሎች ግን በዚያ ዓመት ሳያርሱ ቀሩ።

የህዋስን ምዕራፍ ስንከልስ መምህሩ አንድ ህዋስ ብቻ ስላላቸው ፍጥረታት ተናገረ። የእኛ ሰውነት ለቁጥር በሚያዳግቱ ህዋሶች የተሠራ ነው፤ እነዚህ ግን ሙሉ አካላቸው አንዲት ህዋስ ናት። ትበላለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ለሁለት ተከፍላ ትባዛለች። የወባ ተውሳክ እንዲህ ያለ ነው። በትንኝ ንክሻ ገብቶ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያ ወደ ቀዩ የደም ህዋስ ገብቶ እየተባዛ ያፈነዳዋል። ያ የሚያንቀጠቅጠን ትኩሳት የሚመጣው ህዋሶቹ በሚፈነዱበት ጊዜ ነው። ደማችን የሚያንሰውም ለዚህ ነው። የከብቱ ገንዲም እንደዚሁ ባለ አንድ ህዋስ ተውሳክ የሚመጣ ነው። ልዩነቱ፣ የገንዲው ወደ ደም ህዋስ ሳይገባ በደሙ ውስጥ እየዋኘ መባዛቱ ነው። የሚያመላልሰው የቆላ ዝንብ ነው።

ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። የበሬዎቹ ምልክት አንድ በአንድ የተነገረ ያህል ነበር። ደም አስመርምረን ስላልነበረ ዛሬ በእርግጠኝነት ገንዲ ነው ብለን አንምልም። ግን ያኔ መጠየቅ የነበረብንን አሁን አወቅን።

መምህሩ ቀጥሎ የሥርዓተ ምህዳሩን ምዕራፍ ከዚያው ጋር አያያዘው። የቆላ ዝንብ ጥላ ይወዳል፤ በወንዝ ዳር ጥሻና ደን ውስጥ ይኖራል። የዱር እንስሳትን ደም ይመጣል። እንደ ጎሽ ያሉት ተውሳኩን ተሸክመው ብዙም ሳይታመሙ ይኖራሉ። ማጎ ፓርክ ውስጥ ዝንቡም ጎሹም ተውሳኩም አብረው የኖሩ ናቸው። ከደጋ የወረደ በሬ ግን ለዚያ ኑሮ አልተዘጋጀም። በቆላው የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ሙርሲዎች እህል ኦሞ ዳር ሲዘሩ ከብቶቻቸውን ግን ከወንዙ ጥሻ አርቀው ሜዳ ላይ ያሰማራሉ። ገበያ ውስጥ በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ አልጠየቅናቸውም። ከእንግዲህ ከብት ከመግዛታችን በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ እናማክራለን፤ የሚሄድበትን አገር የሚያውቁ እረኞችንም እንጠይቃለን። ይህ በግዥ መመሪያችን ውስጥ እንዲገባ ጽፈን አቅርበናል።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። የጎመን ችግኞቻችን በአንድ ሳምንት ጠውልገው ደረቁ። ውኃ ነበራቸው፤ ዩሪያም “ይበርቱ” ብለን አብዝተን አድርገንላቸዋል። ለካ ያደረቃቸው ያ ማብዛት ነው። ይህን ለማስረዳት መምህሩ ምንም መሣሪያ አላስፈለገውም። ሰላጣ ስንሠራ የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ጨው ከነሰነስን በኋላ ሳህኑ ውስጥ ውኃ ይቋታል። ውኃው የወጣው ከህዋሶቹ ነው። የህዋስ ሽፋን ውኃ ያሳልፋል፤ ውጭ ያለው ጨው ሲበዛ ውኃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሳባል። ዩሪያው ሲበዛ ከሥሮቹ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እኛ በየቀኑ በእጃችን የምንሠራውን ነገር ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጠኑት ዓመት ሙሉ ሳይገናኝ ቀርቷል።

ስለ ህዋ ምን ወጪ ተጻፈ? ምንም። ግን ያ ምዕራፍ ነው ብዙ ያነጋገረን።

መምህሩ መብራቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ብርቱካን በእንጨት ሰክቶ ለልጆቹ ሰጣቸው። መብራቱ ፀሐይ፣ ብርቱካኑ ጨረቃ፣ ራሳችን ምድር። ብርቱካኑን ይዘን በዝግታ ስንዞር ግማሹ ምንጊዜም ብርሃን አለበት፤ እኛ የምናየው ግን አንዴ እንደ ማጭድ ቀጭን፣ አንዴ ሙሉ ሆኖ ነው። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከእኛም ነበሩ። ጥላው የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአንዷ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላዋ 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። አሥራ ሁለት ጨረቃ ወደ 354 ቀን ይመጣል። ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። የረመዳን ጾም በየዓመቱ በዚያ ያህል ቀን ወደፊት የሚቀድመው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ የፀሐይን ዓመት በአሥራ ሦስተኛዋ ወር በጳጉሜን እንሞላዋለን።

ይህን የመሙላት ነገር ጎረቤቶቻችን ሙርሲዎችም ያውቁበታል። ጨረቃዎችን “በርጉ” እያሉ ይቆጥራሉ። አጥኚዎች እንደጻፉት አሁን የቱ በርጉ እንደሆነ ሁልጊዜ አይስማሙም። ክርክሩን የሚፈታው ዝናቡ፣ ወንዙና አበባው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይስተካከላል። ከዚያም በላይ፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉትንና በአጠገባቸው ያሉትን አንዳንድ ከዋክብት ይከታተላሉ። እነዚህ ከዋክብት አንድ በአንድ ምሽት ላይ መታየት ሲያቆሙ ከኦሞ ሙላት ጋር ያያይዙታል። ሰማይን አይቶ ወንዝን ማወቅ ማለት ነው። ልጆቹ መጽሐፋቸው ውስጥ ህዋን በአንድ ምዕራፍ፣ ሥርዓተ ምህዳርን በሌላ ምዕራፍ ያነባሉ። እዚህ አገራችን ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ።

አገራችንም ሰማይን በሌላ መንገድ ማየት ጀምራለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኩሳለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነበር። ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ የሚሆን የምድር ፎቶ እንድታነሳ ነው የተላከችው። “ለምን አትወድቅም?” ብለን ጠየቅን። መልሱ አስገረመን፤ ትወድቃለች፣ ሁልጊዜ እየወደቀች ነው የምትዞረው። ወደ ጎን የምትሮጥበት ፍጥነት እጅግ ብዙ ስለሆነ ምድር በሥሯ እየታጠፈች ትሸሻታለች። ጨረቃንም የያዛት ይኸው ስበት ነው፤ የሮቶውንም ውኃ የሚያወርደው እሱ ነው።

ኦሞንም የሚያወርደው እሱ ነው። ወንዙ ከደጋው ተነስቶ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ አብዛኛው፣ 90 በመቶ ያህሉ፣ ከኦሞ የሚሄድ ነው። ውኃው በክረምት ሲሞላ የደጋውን አፈር ይዞ ይወርድና ዳርቻው ላይ ያለብሰዋል። ሙላቱ ሲመለስ ሙርሲውም ቦዲውም ካራውም ኛንጋቶሙም ዳሰነቹም በዚያ እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራ ነበር። ዝናብ ሳይጠበቅ ዘሩ ያበጣል፤ ህዋሶቹ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይበቅላል። አራቱም ምዕራፍ በአንድ ማሳ ላይ ተገናኘ ማለት ነው። ኮከቡ ጠለቀ፣ ስበቱ ውኃውን አወረደ፣ ህዋሱ በቀለ፣ ሰውና ከብቱ በላ።

ግን ሙላት ሁልጊዜ እንጀራ አይደለም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በዳሰነች አገር ያለ ልክ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ከዚያ በላይኛው ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ተሠርቶ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራት ነው፤ መብራት የሌለው ቤት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ግድቡ የክረምቱን ውኃ ይዞ ዓመቱን ሙሉ አመጣጥኖ ስለሚለቅ ግን የድሮው ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ኮከቡ ዛሬም በጊዜው ይጠልቃል። ወንዙ ግን አይመልስለትም። ከኦሞ ዳር ገበያችን የምትመጣ ሴት ማሽላዋ ያነሰበትን ምክንያት ስትናገር የምትናገረው ስለ ሥርዓተ ምህዳር ነው። አንዱን ክር ስንጎትት ሌላው አብሮ ይሳባል። ከመጽሐፉ ትርጉም ይልቅ ልጆቻችን ይህን አይረሱትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ማኅበራችን ትምህርት ቤት ነው ወይ? አይደለም። እንዲሆንም አንጠይቅም። አጋሮቻችን ደግሞ “ውጤቱ ምንድን ነው?” ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ስንቶቹ እንደሚያልፉ ዛሬ ተስፋ ሰጥተን ነገ ማፈር አንፈልግም። በእጃችን ያለውን ግን እንናገራለን። የባልዲው ወጪ ቀርቷል። የከብት ግዥው መመሪያ ተሻሽሎ ቀርቧል። ያቺ ልጅ ዘንድሮ በድጋሚ ተመዝግባለች፤ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት እናቷን ታግዛለች፣ ቅዳሜ እዚህ ናት። እናቷ መጀመሪያ “ሁለቴ ብትወድቅስ?” ብላ ነበር። ሮቶው በተሰቀለ ዕለት ውኃው ማሳው ራስ ላይ ሲፈስ ቆማ አየችና ምንም ሳትል ሄደች። በማግሥቱ ለልጅቷ የመመዝገቢያ ፎቶ የሚሆን ገንዘብ ይዛ መጣች።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያቺ መስመር በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ እንድትቀጥል ድምፅ ስጡ። ከአደጋ ጊዜ ፈንድ አንነካም፤ ከአትክልቱ ሽያጭ ትርፍ ይከፈላል። ሮቶው ያተረፈው ገንዘብ ይበቃታል፤ አስልተነዋል። ሁለተኛ፣ ልጃችሁን ስትወስዱ በር ላይ አትቁሙ፤ ግቡና ተቀመጡ። የእናንተ የሰላጣ ጨውና የናንተ ጀሪካን ከመጽሐፉ ሥዕል የተሻለ አስተማሪ ሆኖ አግኝተነዋል። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ የወደቀች ልጅ ካለች ጉሊቱን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ላኩልን።

እኛ ሂሳብ የምንይዘው ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ቀይረናል። በወጪ መዝገባችን ከገንዘቡ ልክ ቀጥሎ “ምክንያት” የሚል አዲስ ዓምድ አስምረናል። ለመሙላት የሚያስቸግረን ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ ቅዳሜን እንጠብቃለን።